የመቶ አለቃ ኦጊሶ ጎራዴ

1983፣ ሴኪ

ሴፕቴምበር 4፣ እሑድ

እትዬ ሺዙ ኦጊሶ ከሰዓት በኋላ መጡ። በሐር ጨርቅ የተጠቀለለ ረዥም ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ "ኪኑዌ፣ ቤቴን ሊያፈርሱት ነው። መንገዱ ሊሰፋ ነው አሉ" አሉኝ። ናጎያ፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ሳያስመዘግቡ ደብቀው ያኖሩትን የባላቸውን ጎራዴ ግን እንዲሁ ይዘውት መሄድ አይችሉም። ለፖሊስ አሳውቀዋል። የቀረው ኖቬምበር 15 ጊፉ ከተማ መርማሪዎቹ ፊት ማቅረብ ነው። በእጅ የተቀጠቀጠ የጥንት ስለት ከሆነ ተመዝግቦ ይመለስላቸዋል። በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካ ያወጣው ከሆነ ግን ይወሰድና ይቆራረጣል።

"የኛ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው፤ ምንም አይሉትም" አሉ። "አንቺ ብቻ ፈታ አድርገሽ አጽጂልኝ። በ1961 ያጸዳልኝ ያንቺው ባል ነበር። ነፍሱን ይማረውና እጁ ወርቅ ነበር።"

ኤይኪቺ ከሞተ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የሞተበት ዓመትም ስለሚቆጠር በኖቬምበር ሰባተኛ ዓመት መታሰቢያውን እናደርጋለን። እጁ ወርቅ ነበር ሲባል መስማት ደስ አለኝ። እስኪመሽ ስለ ድሮው ስናወራ ቆየን። እትዬ ሺዙ ሲስቁ አሁንም አፋቸውን በእጅጌያቸው ይሸፍናሉ።

ሴፕቴምበር 6፣ ማክሰኞ

ጠዋት የጎራዴ ማደሻ ሱቄን ሳልከፍት ጎራዴውን ፈታሁት። የቀርከሃ ካስማዋን ከእጀታው ገፍቼ አወጣሁ። ከዚያ የእጅ ጋሻውን፣ ከጋሻው ግራና ቀኝ ያሉትን ስስ የናስ ቀለበቶች አንድ በአንድ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ። ሁሉም ላይ ቁጥር ተመትቷል፦ 312። 312። 312። ሦስቷ ወደ ግራ ዘመም ያለች።

የኔ ቁጥሮች ናቸው! በ1943፣ በዐሥራ ስምንት ዓመቴ በጎራዴ ፋብሪካው የመታኋቸው። የሦስት ቁጥር መምቻዬ ጫፏ ተሸርፎ ስለነበር ሁልጊዜ ዘመም ትል ነበር። ዐሥራ ሁለት ልጃገረዶች በአንድ ረዥም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ መዶሻችን ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር። አለቃችን በጀርባችን እየተመላለሰ፣ "ቁጥር ማለት የአባት ስም ነው! አንድ ቁጥር ያላቸው ወንድማማች ናቸው። ወንድማማች የምታለያይ ልጅ ዛሬ ምሳ የላትም!" ይል ነበር። ምሳው ራሱ ምን ነበር? ሩዝ ያየው ገብስ። እኛ ግን ስንሥቅ እንውል ነበር።

ኤይኪቺ በሚቀጥለው ክፍል እጀታ ይጠርብ ነበር። አንድ እግሩ ስለሚያነክስ ለጦር አልተፈለገም። ሆን ብሎ የሌላ ጎራዴ ቀለበት ቀላቅሎ ይልክብኝና፣ ጥቂት ቆይቶ እያነከሰ ይመጣል። "እዚህ ውስጥ ባዕድ ገብቷል። የተሳሳተችው የትኛዋ ናት?" ይላል፣ ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ፣ "ባዕዱስ አንተ ነህ፤ ወደ ክፍልህ ሂድ!" ትለዋለች። አርባ ዓመት ሆነው። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይሞቃል።

ስለቱን ገና በደንብ አላየሁትም። ደንበኛ መጣ።

ሴፕቴምበር 7

በስለቱ አንገት ላይ ያለችው የመዳብ ቀለበት ቁጥር የላትም። ሌሎቹ ሁሉ 312፣ እሷ ባዶ። ምናልባት ያኔ ረስቼ ይሆናል። ልጅ ነበርኩ።

ሴፕቴምበር 8

አልረሳሁም። ቁጥር ረስቼ አላውቅም።

ሴፕቴምበር 10፣ ቅዳሜ

ሥራዬ ስለሆነ ያየሁትን ልጻፍ።

እጀታው ውስጥ የሚገባው የስለቱ ጅራት ላይ ያለው ዝገት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። እውነተኛ ዝገት እንደ ሽማግሌ ፊት ነው፤ እዚህ ይጠቁራል፣ እዚያ ይቀላል። ይህኛው የተቀባ ይመስላል። የፋብሪካ ማኅተም የሚመታበት ቦታ ላይ በሞረድ የተላገ ጎድጓዳ አለ። ጣቴን ሳሳልፍበት ይታወቀኛል። የካስማው ቀዳዳም ውስጡ ልሙጥ ነው፣ በመሰርሰሪያ የተበሳ።

እጀታው ግን ለዚህ ስለት አልተጠረበም። ውስጡ የተቦረቦረው ለወፍራምና ለረዥም ጅራት ነው። ክፍተቱ እንዳይነቃነቅ በታጠፈ ጋዜጣ ተሞልቷል። ጋዜጣውን በመርፌ ጎትቼ አወጣሁት። ሜይ 1961 ይላል። እንደ ጥብጣብ ጠበብ ተደርጎ፣ ጥንቅቅ ብሎ ሦስት ጊዜ ታጥፏል።

በሴኪ ጋዜጣ የማያነብ ማን አለ? ማንም ሊሆን ይችላል።

ሁሉንም መልሼ ገጠምኩት። ለእትዬ ሺዙ ስልክ ደውዬ "ገና ነው" አልኳቸው።

ሴፕቴምበር 15፣ ሐሙስ

የአረጋውያን ቀን ነው። ልጄ ታኬሂሳ ኬክ ይዞልኝ መጣ። እንኳን አደረሰሽ ሲለኝ፣ "እኔ ገና ሃምሳ ስምንቴ ነው፣ ኬክህን ይዘህ ውጣ!" አልኩት። ሣቅን። የወጥ ቤት ቢላዋ ፋብሪካው ጥሩ እየሄደለት ነው።

ከዚያ የመጣበትን ነገር አወጣ። በኦክቶበር በዓል በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የድሮ ጎራዴዎች ሊታዩ ነው። "የአባባን ጎራዴ ለማሳየት ተስማምቻለሁ። ከሥሩ 'ከሟቹ ከኤይኪቺ ሃሺዙሜ ስብስብ' ተብሎ ይጻፋል። ሰባተኛ ዓመት መታሰቢያው ከመድረሱ በፊት ጥሩ አይደለም?"

ጥሩ ነው አልኩት።

የኤይኪቺን ጎራዴ ሳስብ አዲስ ዓመት ነው የሚታየኝ። የሩዝ ቂጣ ሾርባችንን ከበላን በኋላ ከቁም ሣጥኑ ያወጣዋል፤ እጀታውም አፎቱም ያልተቀባ ነጭ እንጨት ነው። ትንፋሹ እንዳይነካው ወረቀት በከንፈሩ ይይዛል። ልጆቹ ተሰልፈው ተንበርክከው ይጠብቃሉ። ስለቱ ሲወጣ በአፉ ዳር ዳር የማለዳ ጉም የመሰለ መስመር ይታያል። በረዶው ከውጭ ነጭ፣ ያም ከውስጥ ነጭ። እጄን ስዘረጋ፣ "አንቺ አትንኪው፣ እጅሽ ጨው ነው" ይለኛል። እኔም እሥቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በቤቴ ሲኖር አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም።

ከኦሳካ ሽማግሌ ነው የገዛሁት ብሎኝ ነበር። ያስመዘገበውም በ1961

ሩዙ እያረረ ነው።

ሴፕቴምበር 18

ትዝ ያለኝን ልጻፈው፣ ከዚያ ይለቀኝ ይሆናል። በዚያው በ1961፣ በጸደይ አንድ ቀን ኤይኪቺ ከሥራ ክፍሉ ብቅ ብሎ፣ "ሻይ አፍዪልኝ፣ ማንቆርቆሪያ ሙሉ። ወፍራም ይሁን፣ እንደ ቀለም" አለኝ። እንግዳ የሚመጣ መስሎኝ ስኳር ድንችም ቀቀልኩ። ማንም አልመጣም። ማንቆርቆሪያውን ይዞ ገባ፤ ሁለት ቀን የሞረድ ድምፅ ሰማሁ።

ጥቁር ሻይ ብረት እንደሚያጠቁር የማያውቅ የሴኪ ሰው የለም። እኔም አውቃለሁ። ስኳር ድንቹን ልጆቹ በሉት።

ሴፕቴምበር 23፣ ዓርብ

የመኸር እኩሌታ፣ ቀንና ሌሊት እኩል ሆነው ሙታን የሚጎበኙበት ቀን። ወደ መቃብር ሄድኩ። የኤይኪቺን ድንጋይ አጠብኩ፣ አበባ አስቀመጥኩ።

እትዬ ሺዙም የባላቸውን መቃብር ሲጠርጉ አገኘኋቸው። መቶ አለቃ ናሪአኪ ኦጊሶ ከበርማ በወባ ታሞ ተመልሶ ሆስፒታል ነው የሞተው። ጎራዴው ከሻንጣው ጋር ቤት ደረሰ።

"እንዴት ነው ጎራዴያችን?" አሉኝ።

"እየሠራሁት ነው።"

"እኔ ስለቱን አይቼው አላውቅም፣ ታምኚኛለሽ? ጎራዴ ያስፈራኛል። አማቼ ግን፣ 'የኛ ጎራዴ አፉ ላይ ጉም አለው፤ ሌላ የትም አታገኚውም' ይሉ ነበር። እውነት ጉም አለው እንዴ?"

መጥረጊያቸውን ተቀብዬ የቀረውን ጠረግሁ። እሳቸውም መልሰው አልጠየቁኝም።

ኦክቶበር 1፣ ቅዳሜ

ጋሽ ቶራዞ ዘንድ ሄድኩ። በሴኪ ከእሱ የሚበልጥ ጎራዴ ሞራጅ የለም፤ የኤይኪቺም የነፍስ ጓደኛ ነበር። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ አሁንም ድንጋዩ ላይ አጎንብሶ ይሠራል።

"መጣሽ? መቼ ትመጣ ይሆን እያልኩ ነበር" አለኝ።

"ለምን?"

"የኦጊሶ ቤት ይፈርሳል ሲሉ ሰማኋ።"

ተቀመጥኩ። ድንጋዩን በውኃ እያራሰ ሳያየኝ አወራ። በ1943 የመቶ አለቃው አባት የዘር ጎራዴያቸውን ለልጃቸው በወታደር እጀታና አፎት እንዲያስገጥሙ ወደኛ አመጡት። የሞረደው ቶራዞ፣ እጀታውን የጠረበው ኤይኪቺ። "ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። እጀታው በሁለት ቀን የሚያልቅ ነው፤ እሱ ሰባት ቀን ያዘው። ምሳም አይበላ። ጎራዴው ሲሄድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ተከትሎት ሄደ፣ በዚያ እግሩ! ከዚያ ዐሥራ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ ሴትየዋ ራሷ ይዛ መጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።"

"ሌላውን ከየት አመጣው?"

"ፋብሪካው ሲዘጋ የቀሩ ስለቶች በየወለሉ ሥር ሞልተው አልነበር?"

"አንተ ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር። ሌባ ግን አልነበረም ኪኑዌ። ያፈቀረ ሰው ነበር።"

"ያፈቀረ ሰው ሁሉ የመበለት ዕቃ ይወስዳል?"

ስወጣ ከኋላዬ፣ "አንቺ ግን እስኪሞት ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልጠየቅሽውም" አለኝ።

መንገዱን ሙሉ የምመልስለትን ሳስብ መጣሁ።

ኦክቶበር 9፣ እሑድ

በዓሉ። ሕዝቡ እንደ ጉንዳን። ጎራዴው በመስታወት ውስጥ፣ ከሥሩ የኤይኪቺ ስም። ታኬሂሳ አዲሱን ሱፉን ለብሶ እጅ ይጨብጣል።

እትዬ ሺዙ መጡ። መስታወቱ ፊት ቆሙ። ቆሙ። ቆሙ።

"ውይ ኪኑዌ፣ እንዴት ያምራል። ይኸውልሽ፣ አማቼ የሚሉት እንዲህ ያለውን መሆን አለበት። ጉሙን አየሽው?"

"አየሁት።"

"ኤይኪቺ ዕድለኛ ነበር። የኔም ሲጸዳ እንዲህ ይሆን ይሆን? ሆነም አልሆነ፣ ለኔ ያው ነው።" ክንዴን መታ መታ አደረጉኝ።

ሽንት ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ኦክቶበር 12፣ ረቡዕ

ታኬሂሳ ጎራዴውን መለሰልኝ። እሱ እንደወጣ በሩን ቆለፍኩ። እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ስለቱን ከነጩ እንጨት አወጣሁት።

በአንገቱ ላይ የመዳብ ቀለበት። በቀለበቱ ላይ 312። ሦስቷ ዘመም ያለች።

ከእትዬ ሺዙ እጀታ ጋር ገጠምኩት። ወረቀት አልፈለገም፣ መዶሻ አልፈለገም። ጥርቅ ብሎ ገባ። ቀዳዳና ቀዳዳው ተገናኙ፣ ካስማዋ በጣቴ ገፋ ሳደርጋት ገባች።

ኤይኪቺ እንዴት ያለ እጀታ ጠራቢ ነበር! መጀመሪያ ያሰብኩት ይህን ነው። አፍራለሁ፣ ግን ይህን ነው ያሰብኩት።

ኦክቶበር 16፣ እሑድ

ለታኬሂሳ ነገርኩት። ቀለበቱን፣ ጋዜጣውን፣ ሁሉን አሳየሁት። ለረዥም ጊዜ አገላብጦ አየ። ከዚያ ተቆጣ።

"ማን ያውቃል ይሄን? አንቺና ጋሽ ቶራዞ! እማዬ፣ በሦስት ሳምንት መታሰቢያው ነው። አባቴን ከመቃብር አውጥተሽ ልታስሪው ነው?"

"ሴትየዋ መርማሪዎቹ ፊት ይቀርባሉ። 'የፋብሪካ ብረት ነው' ይሏቸዋል። አማታቸው ውሸታም፣ ባላቸው ውሸታም ሆነው ይቀራሉ።"

"በስውር እንመልስላቸው። ስለቱን ለውጠን መልሰን..."

"አንተም ለውጠን?" አልኩት።

እንደ ልጅነቱ አንገቱን ደፋ። ሥራ አለብኝ ብሎ ሄደ። ኮቱን ረስቶታል።

ኦክቶበር 20፣ ሐሙስ

ለእትዬ ሺዙ ነገርኳቸው። በካርቶን በተሞላ ቤታቸው ተንበርክኬ፣ ግንባሬን ምንጣፉ ላይ አድርጌ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ሻዩንም ጭምር።

አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣ "ሻዩን አንቺ ነሽ ያፈላሽው?" አሉ።

"አዎ።"

"ያን ቀን ምን እንደሚሠራ ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር" ልል አፌን ከፈትኩ። "ላለማወቅ ሞክሬ ነበር" አልኩ።

ተነሥተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። "ለባልሽ ዱባ አምጥቼለት ነበር፣ ጎራዴውን ሲመልስልኝ። ከጓሮዬ ትልቁን መርጬ። እየሣቀ ነው የተቀበለኝ።" ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። "ሂጂ ኪኑዌ። ፊትሽን አታሳዪኝ።"

ዱባውን አስታውሰዋለሁ። ሦስት ቀን በልተነዋል።

ኦክቶበር 29

ምንም ወሬ የለም። ሁለት ጊዜ በደጃቸው አለፍኩ። መጋረጃው ተዘግቷል።

ኖቬምበር 6፣ እሑድ

የኤይኪቺ ሰባተኛ ዓመት መታሰቢያ። መነኩሴው ጸሎቱን አደረሱ። በምሳው ላይ እንግዶቹ እየተነሡ እጁን አመሰገኑ፣ ጠባዩን አመሰገኑ። ጋሽ ቶራዞ ሲጠየቅ "ጉሮሮዬን ታምሜያለሁ" ብሎ ተቀመጠ።

ታኬሂሳ የቤተሰቡን ቃል ሊናገር ተነሣ። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። "አባቴ በሥራው ብርቱ ነበር። ያላስተካከለው ነገርም አለ። እሱን እኛ እናስተካክላለን" አለ። ተቀመጠ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ ወጥ ቤት ገባሁ።

ዛሬ ኤይኪቺን በጣም ናፈቅሁት። ቀና ብሎ "ባዕድ ገብቷል" የሚለኝን ልጅ። ያ ልጅና ሻይ ያስፈላኝ ሰው አንድ ናቸው፤ አንዱን ትቼ አንዱን መውሰድ አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር።

ኖቬምበር 12

ከእትዬ ሺዙ ፖስት ካርድ። "በ15፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ጣቢያ። ሁለቱንም አምጪ።" ሌላ የለውም።

ኖቬምበር 15፣ ማክሰኞ

ጊፉ ደርሰን መጣሁ። ሁሉንም ሳልረሳው ልጻፍ።

እኔ ሁለቱን ጎራዴዎች፣ እሳቸው ቦርሳቸውን ይዘን ባቡሩ ውስጥ ትይዩ ተቀመጥን።

አዳራሹ ውስጥ መርማሪው ዕድሜው ገፋ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነበር። መጀመሪያ የኤይኪቺን... የኦጊሶን ጎራዴ ከምዝገባ ወረቀቱ ጋር አቀረብኩ። የባለቤትነት ለውጡን ጽፌ ፈረምኩ። "በስጦታ ነው?" ሲለኝ፣ "አይደለም። የሳቸው ነው፤ መመለስ ነው" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያም "እንደዚያ የሚል ቦታ ፎርሙ ላይ የለም" አለ። እትዬ ሺዙ፣ "እንግዲያው ባዶውን ይተዉት" አሉት።

ቀጥሎ ሌላኛው። መርማሪው ጅራቱን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አላየውም። "የጦርነቱ ጊዜ የፋብሪካ ብረት ነው። ማኅተሙ ተልጎ ጠፍቷል፣ ዝገቱም የሰው ሥራ ነው። ያሳዝናል እናቴ፣ ይህ አይመዘገብም። እዚሁ ይቀራል።" አንድ ፖሊስ ተጠርቶ መጣ።

"ትንሽ ቆይ ልጄ" አሉት እትዬ ሺዙ።

ስለቱን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረቡት። እነዚያ ጎራዴ የሚፈሩት ሴት ራቁቱን ብረት በጣታቸው ነኩት።

"ሃያ ሁለት ዓመት" አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ አላወቅሁም፣ "ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን ሩዝ ፊቱ አስቀምጣለሁ። ልጄ ስታገባ የነገርኩት ለሱ ነው። ታምሜ ስተኛም ከመሳቢያው አውጥቼ አጠገቤ አድርጌዋለሁ። ሰምቶኛል። ባሌ አይደለም ብትሉኝም ሰምቶኛል።"

መርማሪው መነጽሩን አወለቀ። ፖሊሱ ኮፍያውን።

እትዬ ሺዙ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው፣ ለረዥም ጊዜ ሰገዱለት። እኔም ከኋላቸው ሰገድኩ። ፖሊሱ በሁለት እጁ አንሥቶ ወሰደው።

ወደ ጣቢያው ስንሄድ ዝናብ ጀመረ። አንድ ጃንጥላ ነበረን። "ባልሽን ይቅር አላልኩትም" አሉኝ።

"አውቃለሁ።"

"አንቺንም ገና ነው። ቀረብ በይ፣ ትከሻሽ እየራሰ ነው።"

በባቡሩ ውስጥ የባላቸውን የዘር ጎራዴ ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ጨርቁን እየደጋገሙ ያስተካክሉታል። "ይህኛውን አላውቀውም" አሉ። "በዚህ ዕድሜ ሰው መልመድ እንዴት ከባድ ነው።"

ከከተማው ስንወጣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ባቡሩ ይወዛወዝ ነበር። እንዳይወድቅባቸው እስከ ሴኪ ድረስ አንዱን ጫፍ እኔ ይዤ ሄድኩ።